በቀኝህ ያለው ቦታ

ለአለኸኝ፣ ለባሌ፤

ከተለያየን ይኸው ሦስተኛው ጥር ገባ። ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ በራችን ሲዘጋ ግን አንተ ነበርክ። ዛሬም በሩን ዘግቻለሁና እንደ ልማዴ አንተ እልሃለሁ። ደግሞም ተቆጥቼብሃለሁ፤ ተቆጥቶ አንቱ ማለት አይሆንልኝም። አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝ «ለሴት ልጅ ምን ሊያደርግላት» ያሉት ሁሉ ዛሬ ቢያዩኝ! ለሞተ ባሏ የቅናት ደብዳቤ ልትጽፍበት ኖሯል።

ቤታችን አለ። ቀዩ በሬ ሞተ፤ ላሚቱ ወልዳለች። የታችኛውን ማሳ ጣልያን ለበቅሎዎቹ መዋያ ወስዶታል። ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ጥግ ሰፈር ሠርተው ባንዲራቸውን ሰቅለዋል፤ ጧት ማታ መለከት ይነፋሉ። መለከቱ ሲጀምር ቄሱ ቅዳሴውን አቋርጠው ይጠብቃሉ።

መርዶህን የነገሩኝ በጓሮ በኩል ገብተው ነው። «ድምፅ እንዳታሰሚ፤ የሽፍታ ሚስት ናት ብለው ቤቱን ያቃጥሉብሻል» አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ቀሚሴን ከል አላስገባሁም፤ ጠጉሬን አልተላጨሁም። በማግስቱ ነጭ ለብሼ ገበያ ወጣሁ። የት ሄደ ላለኝ ሁሉ ለንግድ ወጥቷል እላለሁ፤ እስከ ዛሬም እንደነገድክ ነው። ያን ጊዜ ለራሴ አንድ ነገር ቃል ገባሁ። አፅምህን ከተቀበርክበት ተራራ አፍልሼ ከአባትህ ጎን ላሳርፍህ፣ ቀኔ ሲደርስ ደግሞ እዚያው አጠገብህ ልጋደም።

ለዚህ ስል ነው ዘንድሮ ለአስተርእዮ ማርያም በካሚዮን ወደዚያ የሄድኩት። ከተራራው ግርጌ ላለው የጣልያን ምሽግ ዱቄት የሚያመላልስ ካሚዮን አለ። ሾፌሩ የሐማሴን ሰው ነው፤ በዓል ሲደርስ ከዱቄቱ ላይ ተሳላሚ ይጭናል። እኔን ሳጥን ስለያዝኩ ጋቢና ከጎኑ አስቀመጠኝ። ሳጥኑ ውስጥ የተሳልኩት ጃንጥላና ጧፍ ነበር፤ ስመለስ ምን እንደምይዝበት ግን ለማንም አልተነፈስኩም። አለኸኝ፣ ብታየኝ! ከማላውቀው ወንድ ጎን፣ እግሬን ዘርግቼ። አንተ እኮ በርበሬ የሚሰፍርልኝ ነጋዴ ፈገግ ካለ ሳምንት የምታኮርፍ ሰው ነበርክ። ደግነቱ ሞተሃል እንጂ ይሄኔ በቅናት ትሞት ነበር አልኩና ሳቄ መጣ። ሾፌሩ «ምን ያስቅሻል እመቤቴ?» ቢለኝ መንገዱ ነው አልኩት።

ስቄብህ ሳልጨርስ ቅናቱ ዞሮ እኔው ላይ ወጣ።

የካሚዮኑ መንገድ ከተራራው ግርጌ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ጣልያን አይወጣም። ሳጥኔን አዝዬ በእግሬ ወጣሁ። አመዳይ የጓሳውን ሣር ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሰዉ ግን ከጅብራው ተክል መካከል እስከ ደጀ ሰላሙ ጢም ብሏል። አንድ ሽማግሌ የአለኸኝ መቃብር የት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያቻት ሚስቱ፤ እሷን ተከተዪ» አሉኝ።

ሚስቱ! ሚስትህ ነጭ ለብሳ፣ ሳጥን አዝላ ቆማለች። እሳቸው ሚስቱ ያሏት ከል የገባ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ መቃብርህ አጠገብ ተቀምጣለች። የሚያልፈው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ ይላታል። እኔን ያናገረኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም «አንቺስ የሟች ምኑ ነሽ?» ብሎ።

ትሁኔ ትባላለች። ቆስለህ የተኛህባት ቤት ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያስታመመችህም መገነዣህን የሰጠችህም እሷ ናት። ደረቷን ደቅታ፣ ሙሾ አውርዳ አልቅሳልሃለች፤ ተዝካርህን አውጥታለች። ከእሷ ጋር ምን እንደነበራችሁ አልጠየቅኋትም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያንገበገበኝ ያ አይደለም። ለቅሶዬን ነው የወሰደችብኝ።

መቃብርህ ላይ ጓሳ ተነጥፏል። ለምን ነው ብላት «ብርድ አይችልም ነበር» አለችኝ። ብርድ እንደማትችል ከኔ ሌላ ማን ያውቃል? ማን ነገረሽ አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ራሱ ነዋ! የሺ እግሬን በባቷ መካከል አድርጋ ታሞቅልኝ ነበር እያለ መከራዬን ያሳየኝ ነበር» አለችና ድንገት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «ውይ፣ አንቺ ነሽ የሺ?» አለችኝ።

አየህ ጉድህን? ሰው ፊት ጣቴን ነክተህ የማታውቅ ሰውዬ፣ የአልጋችንን ነገር ለባዳ ሴት ዘረገፍከው! አፈርኩብህ። ደስም አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ።

አፅሙን ላፈልስ ነው የመጣሁት አልኳት፣ እንዲያማት ብዬ። ቄሰ ገበዙም ሚስት ከጠየቀች እሺ ነው አሉ። ትሁኔ አልተከራከረችኝም። ጓሳውን በእጇ መግፈፍ ጀመረችና «ጣልያን ከሰፈራችሁ ወጣ እንዴ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ያ መለከት እዚያ ተራራ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። አልገዛም ብለህ የሞትከውን አንተን፣ በገዛ ካሚዮናቸው ጭኜ ባንዲራቸው ሥር ልቀብርህ ነበር። ልክ ነበረች። ልክ በመሆኗ የባሰ ጠላኋት።

ሳጥኑን አስቀመጥኩና ጮህኩ። በዓል ነው፣ አይለቀስም ያለኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ትሁኔ ሙሾውን ስታወርድ እኔ ተቀባይ ሆንኩ፤ በገዛ ባሌ ለቅሶ ተቀባይ! ኋላ ግን ድምፄ ተከፈተልኝ። እኔ አወረድኩ፣ እሷ ተቀበለችኝ።

ሳልወርድ ቄሰ ገበዙን ይዤ መቃብርህን ዞርኩ። በግራህ ቋጥኝ ነው፤ ማንም አይገባበትም። በቀኝህ ግን አንድ ሰው የሚያጋድም ቦታ አለ። የሺ የምታርፍበት ነው ብዬ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩበት፤ ትሁኔም ይመስክሩ ካልኳቸው ሰዎች አንዷ ናት። የልቤ ገብቷት ሳቀችብኝ፤ ድንጋዩን ግን አብራኝ ተሸከመች።

ስንመለስ ኬላው ላይ ወታደሩ ሳጥኔን አስከፍቶ በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገው። ያገኘው ጓሳ ነው፤ ከላይህ ላይ ገፍፌ የሞላሁት። ሾፌሩ ከማርያም ሣር ይዞ የሚመለስ ተሳላሚ አይቼ አላውቅም አለኝ። አሁን ፍራሼ ውስጥ ነው፤ ይኮሰኩሰኛል።

አልረሳህም። ጥር በመጣ ቁጥር እመጣለሁ፤ ጣልያን ካለ በካሚዮኑ፣ ከሄደም በእግሬ። አንድ ቀን ደግሞ መጥቼ አልመለስም። እስከዚያው ትሁኔ ጓሳ ስታለብስህ እሺ በላት፣ ይሙቅህ። እግርህን ግን ለኔ አስቀምጥልኝ።

ሚስትህ፣ የሺ