ማሞቂያ ያለባት ክፍል

ለምሳሳልሽ እናቴ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷታል ብላ እህቴ ነግራኛለች፤ እባክሽ ማታ ማታ አትስፊ። እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ብርዳሙ ስትሉት የኖራችሁት ልጅ የዶሮ ሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት መቀጠሩን ስትሰሚ እንዴት እንደሳቅሽ ይታየኛል። ያኔ እኔም ስቄ ነበር።

እማዬ፣ ከቀዝቃዛው ክፍል አጠገብ ማሞቂያ ያለባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ የሚገቡት፣ ጊዜው ካለፈበት ዶሮ ካርቶን ላይ የድሮውን ቀን ልጠው አዲስ የሚለጥፉ ናቸው። አለቃችን ቁጣ አያውቅም። ሻይ እየቀዳ፣ አንተ ልጅ ምን ያንቀጠቅጥሃል፣ ና ግባ፣ ወረቀት መለጠፍ እኮ ነው ይለኛል። ሥራውን ልቀቅ እንዳትዪኝ፤ ፓስፖርቴን እዚያችው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።

ሳቂታው እያልኩ የጻፍኩልሽ ጓደኛዬ እዚያች ክፍል ገባ። ጉንጩ ሞላ፣ ሳቁ ግን ድራሹ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ በአፉ አይዞርም። በቀደም እዚህ የምኖርበት ሰፈር ልጆች በሆድ ሕመም ሐኪም ቤት ገቡ፣ የአከራዬም ልጅ አብራ። ምን በልተው እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ዶሮው ነው ብዬ ለአለቃችን ተናገርኩ። ፈገግ ብሎ ሻዩን ቀዳልኝ። በማግስቱ የቀዝቃዛው ክፍል በር የውስጥ እጀታ ተሰብሮ አገኘሁት።

አሁን ውስጥ ስሆን የሚከፍትልኝ ከውጭ ያለ ሰው ነው፤ እሱም ሳቂታው ነው። ትናንት አንኳኳሁ፣ ደበደብኩ፤ የከፈተልኝ ጣቶቼ አልታጠፍ ካሉኝ በኋላ ነው። አልሰማሁም አለኝ፣ ዓይኔን ግን ማየት አቃተው። እጀታው መቼ ነው የሚሠራው ብዬ አለቃችንን ብጠይቀው፣ ሙቀት ጋ ለሚቀመጥ ሰው እጀታ ምን ያደርግለታል አለኝ። ፈራሁ እማዬ። ምን ልደብቅሽ፣ በጣም ፈራሁ።

እዚያ ስቆም የነገርሽኝን አርባ ሰማዕታት እጠራለሁ፤ ክርስቶስን አንክድም ብለው በረዶ በሆነ ባሕር ውስጥ ራቁታቸውን የቆሙትን፣ ዳር ላይ ሙቅ ውኃ ተዘጋጅቶላቸው እምቢ ያሉትን። ካርቶን ስደረድር አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል፣ እበረታለሁም። ትዝ ይልሻል፣ ከመካከላቸው ወጥቶ ሙቁ ውኃ ውስጥ እንደገባ የሞተውን አንዱን በልጅነቴ ስሰድበው አፌን ትይዢኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሰውየው እኮ በርዶት ነው።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እህቴን ናፍቀሽዋል በያት፤ ያን ጉረኛ ልጇንም ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። የክርስትና እናቴንም ሰላም በይልኝ። ዛሬም ፈረቃዬ ነው፣ በሩ ላይ ያለውም ሳቂታው ነው። ስትጸልዪ ሠላሳ ዘጠኙን ብቻ አትጥሪ። ያንን የበረደውንም ጥሪልኝ፤ ሳቂታውን ልበል እኔን፣ ገና አላወቅሁም።

ልጅሽ ብርዳሙ
ከማቀዝቀዣው ማዶ ከተከራየኋት ክፍሌ፣ ጥር ፲፱ ቀን፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት