ለእማ ትርንጎ ያልደረሰው መልእክት

እሁድ

አልወደቀም! እዚህ እስራኤል ያለው ሰፈራችን ክርያት ሞሼ ከጧት ጀምሮ ሲደዋወል ዋለ፣ መረቤ ንቅንቅ አላለም። ወታደሩ ከካምፑ ደወለ፣ አክስቶቹ ጎንደር ደወሉ፣ የሠርግ ቪዲዮ ተላላኩ። ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ሁሉም አለፈ።

የምሠራው ይህን ነው፦ ስልኩን፣ ጽሑፉን፣ ቪዲዮውን በአንድ መንገድ ማስኬድ። አንዱ ሲያወራ መስመሩ ቢቋረጥበት፣ ያለው ነገር ተቀድቶና ተጽፎ ለቤተሰቡ ሁሉ ይደርሳል። ስልኩን የዘጋ ካለ እስኪከፍት ይጠብቀዋል። ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚቀመጥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። ምንም አይጠፋም። በዚህ እኮራለሁ፣ ምን ይደረግ!

እስከ ሐሙስ ሳይቆም ከሠራ የዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ኮሚቴ የዩኒቨርሲቲዎቹን ትልቅ መረብ ለሙከራ ይሰጠኛል። ከቆመ ግን ዶክትሬቴ የሰፈር ጨዋታ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ሰኞ

ዛሬ መረቡን ለመፈተን የውሸት ጥሪ በገፍ ለቀቅንበት። አስተማሪዬ ፕሮፌሰር ኖአም ከጀርባዬ ቆሞ "ያላ፣ ጨምሪበት" ይላል። ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ላብ እንኳ ጠብ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ ጓደኛ እማ ትርንጎ ደወሉ። ሙከራው ውስጥ መጀመሪያ የገቡት እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩን እየጎተቱ ያስገቡልኝም እሳቸው። "አንቺ ልጅ፣ የወንድሜ ድምፅ እኮ ጥርት ብሎ መጣልኝ! ጎንደር ያለ አይመስልም።" መረቁኝ፣ መረቁኝ፣ ሥራ አስፈቱኝ።

ማክሰኞ

እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ረፋድ ላይ ቤተ ሙከራ ሆኜ እናቴ ደወለች። "የትርንጎ ወንድም ዐረፈ። እሷ አልሰማችም። ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ሄደው ያረዷታል፣ አፍሽን ያዢ!" እሺ አልኩ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ይይዛታል። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ያውቃል፣ ባለሐዘኗ ብቻ አታውቅም።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር ስል ክው አልኩ። የሟቹ ልጅ ለአንዱ ዘመዱ ደውሎ ሲያረዳው መስመሩ ተቋርጧል። የኔ መረብ ደግሞ እንዳስተማርኩት ቀድቶ፣ ጽፎ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ አድርሷል። የቀሩት እማ ትርንጎ ብቻ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታዩ ኩፓት ሆሊም፣ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደው ስልካቸው ተዘግቷል። ሐኪሙ ጋ ጨርሰው ሲከፍቱት የወንድማቸውን ሞት እዚያው በማያውቁት ሰው መሃል፣ ብቻቸውን ሊሰሙት ነው!

ላጠፋው ሞከርኩ። ከአንዱ ኮምፒውተር ስሰርዘው ሌላው ይመልሰዋል። ደግሜ ሰረዝኩት፣ ተመለሰ። ለዚሁ አይደል የሠራሁት! "ይህን ለአንድ ሰው አቆይ" የሚባል ትእዛዝ አላስተማርኩትም። መርዶ በማለዳ ሲነገር እያየሁ ያደግሁት እኔ፣ ትዝ አላለኝም። ጅል!

ኖአም ስብሰባ ላይ ነው፣ አያነሳም። አልጠበቅሁትም። መረቡን ሙሉ በሙሉ አቆምኩት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ እማ ትርንጎ በመደበኛው የስልክ መስመር ደወሉ። "አስቴርዬ፣ ዕቃሽን ምን ነካው? ዝም አለብኝ እኮ።" እያስተካከልኩት ነው እማ አልኳቸው። ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ክንዴን ቆንጥጬ ይዤ ነበር።

ረቡዕ

ሲነጋ ተነገራቸው። ጩኸታቸው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። እናቴ አብራቸው ነበረች፤ ተመልሳ ስትመጣ "ደህና አድርገው ነገሯት" ብቻ አለችኝ።

ኖአም ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ቆመ። "ልንጨርስ ስንል? ማን ፈቀደልሽ?" ማንም አልኩት። ተናዶ ነበር። ነገሩን ሁሉ ስነግረው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አባቱ የሞተ ጊዜ በስልክ የሰማው መኪና እየነዳ መሆኑን ነገረኝ። ዳር ይዞ መቆሙን እንጂ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። "አስተካክይው" ብሎ ተነሣ።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። አሁን የቤተሰቡ ሰዎች ተስማምተው መልእክቱን ማቆየት ይችላሉ፤ እነሱ ካልለቀቁት ቅጂዎቹ በሙሉ አርፈው ይቀመጣሉ። በሙከራ አንድም አላመለጠኝም። ጎበዝ ነኝ፣ ሌላ ሰው እስኪለው አልጠብቅም።

ሐሙስ

የኮሚቴው ሰብሳቢ ውጤቱን አገላብጣ አየችው። "ሸክሙን ችሏል፣ ግን ቆሟል" አለች። አልቆመም፣ አቆምኩት አልኳት። ኖአም ጉሮሮውን ጠረገ።

ትልቁን መረብ አልሰጡኝም። አዲሱን ክፍል ጨምሬ ከፊታችን እሁድ ጀምሮ የሳምንቱን ሙከራ እንድደግመው አዘዙኝ። ያኔ ካልቆመ ይሰጡኛል። ተናድጃለሁ፣ ደስም ብሎኛል። መሥራቱን እንደሆነ አልጠራጠርም።

የምጠራጠረው ሰፈሩን ነው። እናቴ አፏን አትይዝም፤ መርዶው በኔ ዕቃ ሊነገር ጥቂት እንደቀረው ሁሉም ሰምቷል። ከወዲሁ "እኛ ይቅርብን" ያሉ ቤተሰቦች አሉ። እማ ትርንጎ ከወጡ አንድም ሰው አይቀርልኝም። እሳቸውን ደግሞ በልቅሶ መሃል በምን አፌ እጠይቃለሁ?

ዓርብ

ሰንበት ሳይገባ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። እማ ትርንጎ አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ፤ አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ያን ዕለት ያቆምሽው አንቺ ነሽ አሉ?"

"አዎ፣ እማ። ሊደርስዎ የነበረውም በኔው ጥፋት ነው። ሳላስብ ነው የሠራሁት፣ ይቅር ይበሉኝ።"

እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየናል። እማ ትርንጎ እጄን ያዙኝ።

"ሰው ይዞኝ ነው የሰማሁ" አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የወንድሜ ልጆች ብቻቸውን ቀርተዋል። እሁድ ስትጀምሪ እኔን አስቀድመሽ አስገቢኝ። ሲደውሉ እንዳያጡኝ።"

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።