ወንድምሽን ጽዋ አሸከምኩት

እናትዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር አለፈን። ደህና ነኝ ብቻ ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት መቼ ለምጄ! ደህናም ነኝ፣ ንዴቴም አልበረደም። ዛሬ የምጽፍልሽ ከነንዴቴ ነውና እንዳትቆጪኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ክራንቼ እየተሰናከለበት ስትረግሚው የኖርሽውን የበር ደፍ አስወጣሁት፤ አሁን ማንም ሳይደግፈኝ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ላሚቱ ወለደች። ሩዙም ዘንድሮ ውሃው በልኩ ቆሞለት ደህና ይዟል። የስፌት መኪናዬን ከወረታ አስመጥቼ ከመደብሽ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥሩዓለም የምትባል፣ ጆሮዋ የማይሰማ የይፋግ ሴት አብራኝ ትሰፋለች። በእጅ ነው የምንግባባው። ሰው ገና ከበር ሲገባ ልኩን በዓይኗ ትወስደዋለች፤ ብታያት ትወጃት ነበር።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ፊት ለፊት ዛሬም አንቱ ነው የምለው። ለአንቺ ስጽፍ ግን አንቱታው እንቢ አለኝ፤ ይቅር በይኝ።

አርባሽ እንደወጣ፣ የየካቲት ማርያም ለት፣ የማኅበርሽን ጽዋ ተረክቦ በሚቀጥለው ወር የማብላት ተራሽ ደረሰ። እናት ስትሞት ልጅ ጽዋዋን ተቀብላ ማኅበሯን ትጠጣለች፤ ይህን የማያውቅ በፎገራ የለም። እኔም ቦታሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወንድምሽ ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ ነውና ጽዋውን ለተረኛ የሚያስረክበው እሱ ነው። ይዞት መጣ። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን በአናቴ ላይ አሻግሮ ከጎኔ ለተቀመጠችው ሴት ሰጣት! «ምስኪኗን አታስቸግሯት፤ በምን እጇ ትሸከመዋለች? እሷ ዝም ብላ ትብላ፣ ለእኛም ጽድቅ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ከዚያ ትልቁን የዳቦ ቁራሽ መርጠው ለየኔ ቢጤ እንደሚሰጠው እፊቴ አኖሩልኝ።

እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል! ያን ቀን ከለበሱት ቀሚስ ግማሹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የወንድምሽን ኮት ክሳድ ያዞርኩለት እኔ ነኝ። ለእነሱ ልብስ እጅ አለኝ፣ ለጽዋው እጅ የለኝም። እየበላ የማያበላ ሰው በዚህ አገር ወይ ሕፃን ነው ወይ ለማኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ አድርገውኝ ሊኖሩ ነበር፣ በማዘን።

ታስታውሻለሽ፣ እግሬ ይድናል ብለሽ በጀርባሽ አዝለሽ ወንዛዬ ፍል ውሃ ስታመላልሺኝ? በሦስተኛው ዓመት መንገድ ላይ አወረድሽኝና አለቀስሽ። ከዚያ ፊትሽን በነጠላሽ ጠረግሽና «በቃ፣ እግርሽ ይኸው ነው፤ እጅሽን እናስተምረው» አልሽኝ። ወረታ ከልብስ ሰፊው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥሽ። ሰውዬው ሲመረው በእጅ የሚዞር መኪና ፈልጎ አስቀመጠልኝ። እልሄን ከማን ወረስኩት ታዲያ?

የመጋቢት ማርያም ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና ቦታሽ ላይ ተቀመጥኩ። እንጀራው ቀረበ። «ያላበላሁትን አልበላም» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ባለቤቲቱ በሞቴ አለች፣ በማርያም አለች። ንቅንቅ አላልኩም። በሚያዝያም እንዲሁ፣ በግንቦትም እንዲሁ። ስድስት ወር፣ ስድስት ቤት። ከማርያም ማዕድ እንግዳ ጦሙን ሲነሣ ለባለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሴቶቹ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ልንገርሽ አይደል፣ ደስ አለኝ! የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ይህ ትዕቢት ነው» ብለው ተቆጡኝ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸውና በሚቀጥለው ወርም አልበላሁም።

በመስከረም ተራው የወንድምሽ ሆነ። ሙክት አሳርዷል። እንደልማዴ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለችው፣ ያችው በአናቴ ላይ ጽዋውን የተቀበለችው ሴት፣ የቆረሰችውን መልሳ አኖረች። ቀጥላ ያለችውም እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ወንዶቹ ሳይቀሩ ሁሉም ተዉት። ቤቱ ሙሉ ሰው፣ ገበታው ሙሉ ምግብ፣ ከዝንብ በቀር የሚበላ የለም! ወንድምሽ መካከል ቆሞ «በሞቴ፣ በሞቴ» ቢል የሚሰማው አጣ። መጨረሻ ላይ ጽዋውን አንሥቶ አመጣልኝ።

ተቀበልኩት፣ ተሳለምኩት፣ መልሼ ለራሱ ሰጠሁት። «እጄ ክራንች ይዟል፤ እርስዎ ይሸከሙልኝ» አልኩት። ሰው ሁሉ ያያል፤ እንቢ አይል ነገር! ከእሱ ደጅ እስከ ቤትሽ ያለውን ዋልካ ታውቂዋለሽ፣ ጭቃው ገና አልደረቀም። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ማኅበርተኛው ከእኔ ኋላ ሆነን ሄድን። ፈጠን ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም። ጭቃው አንድ ጫማውን ነጠቀው፤ ጽዋ ይዞ ጎንበስ አይባልምና ትቶት ሄደ። እኔም አየሁና አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት የጥቅምትን ማርያም አበላሁ። ጠላውን ከጥሩዓለም ጋር ጠምቀን ነበር፣ ሰውም ጠጥቶ መረቀን። በክራንቼ እየዞርኩ ሁሉንም በሞቴ እያልኩ ለመንኩ። ወንድምሽ ጋ ስደርስ ዝም ብዬ አለፍኩት። ያልተለመነ እንግዳ እንዴት ይጉረስ? ገበታውን እያየ ተቀመጠ። እኔ ግን ከሰባት ወር በኋላ ከማርያም ማዕድ በላሁ፤ ያውም በደንብ!

አባ ይቅር በይው ይሉኛል። አንቺም ብትኖሪ «ወንድሜ ነው» ብለሽ ትለምኚኝ ነበር። አንድ ቀን እላለሁ፤ ቀኑን የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ጥሩዓለም ማኅበሩ ትገባለች። በሚቀጥለው ወር ስሟን አነሣለሁ፤ «ጆሮ የላትም» የሚል ካለ ደግሞ እንደገና እንጦማለን። ሙት ዓመትሽን በጥር እኔው በቤትሽ አወጣለሁ፣ ስምሽን አስጠራለሁ። እሱም ከእንግዶቹ ጋር ይጠራል፣ በእጄም አቀርብለታለሁ። አንቺን አልረሳሽም፣ እናትዬ። እሱንም አልረሳውም።

ልጅሽ እናኑ