ኮምፒውተሩ ያላቃናት ጥሪ

ውድ ምስክር፣

እንደምን ከረምክ ልጄ? ባሕር ዳር ተስማማችህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ እንዳልነግርህ ገና «ሄሎ» ስትለኝ እልል ማለት ያምረኛል፤ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ይስማው «ወረቀቱ አይበቃሽም» እያለ አጠገቤ ይስቃል።

የልጄ የእስከዳር ሰርግ ጥር ላይ ጽጽቃ ከተማ፣ በእናቴ በደብሬ ግቢ ተደገሰ። አንተ ዘፈኑን ቀድተህልኝ ሰቆጣን ስለለቀቅህ የሆነውን አላየህም።

መቼም ታስታውሳለህ፣ እንቅርቴ በኦፕሬሽን ከወጣ ወዲህ ድምፄ መሀል ላይ እየጣለኝ ይጠፋል። የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ዘፍኜ ያስወጣሁ ሴትዮ፣ የገዛ ልጄን ሳልዘፍንላት ልትሄድ ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ስቱዲዮህ ስገባም እያፈርኩ ነበር።

«እትዬ ጥሩሐረግ፣ እዚህ ጋ ድምፅዎ ወርዷል» ስትለኝ፣

«ዳገት ነዋ ልጄ! ደክሞት ነው» አልኩህ።

ያንን ኦቶቲዩን የምትለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍተህ የወረደውን ከፍ፣ የሸሸውን መለስ ስታደርገው፣ የድሮዋ ጥሩሐረግ ከስፒከሩ ወጣች። ይስማው እንኳ «ወሬዋንም ያሳጥር እንደሆነ ሞክርልኝ» አለህ።

የተከራከርነው በስም ጥሪዋ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ልማድ ዘፋኟ የሙሽራዋን አያት ስም ስባ ትጠራለች፤ አያትየዋ «ወዬ» ብላ እልል ካላለች ሙሽራዋ አትነሣም። እኔ «ደብሬ» የምለው ከላይ ጀምሬ፣ ወደ ታች እያንሸራተትኩ ነው። እናቴ ራሷ ከገደል ማዶ ስትጠራኝ እንዲያ ነበር የምትጠራኝ።

«ይሄ ፕሮግራም ድምፁን ወደ ቅርቡ ኖታ ነው የሚጎትተው» አልከኝ። «እርስዎ በሁለት ኖታ መሀል ሲንሸራተቱ ስሕተት ይመስለዋል። ይቺን እንተዋት?»

«ኧረ አቃናት! ሰው እንዳይስቅብኝ።»

አቃናሃት። ፍላሹን ስትሰጠኝ ግን «ሁለት አድርጌዋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ጥሪዋን አልነካኋትም» አልከኝ። እሺ ብዬ ረሳሁት።

ሰርጉ ዕለት ይስማው የመጀመሪያውን ከፈተው። ዳሱ በጭብጨባ ቀለጠ፤ «ጥሩሐረግ ዳነች!» ይላል ሰው። ጥሪው ደረሰ። «ደብሬ…» አለ ቀጥ ብሎ፣ እንደተወለወለ ብርጭቆ። እናቴ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አዘነበለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ተጠራሽ እኮ» አልኳት።

«ሰማሁ። ድምፅዋ ያምራል። የማን ልጅ ናት?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺማ አጠገቤ ነሽ።»

«ተቀድቶ ነው እማዬ፤ ድምፁ የኔ ነው።»

«አታሞኚኝ! የማላውቃት ሴት ጠራችኝ ብዬ ወዬ አልልም።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እስከዳር ቬሏን እንደለበሰች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የሙሽራው ሽማግሌዎች «መሸ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይላሉ። እኔው ልጥራት ብል ድምፄ እንደ ልማዱ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ስለ ሁለተኛው ያልከኝ ትዝ ያለኝ።

«ይስማው! ሁለተኛውን!»

ዘፈኑ ቀጠለ፤ አንተ የደገፍከው ሁሉ እንደተደገፈ ነው። ጥሪው ላይ ሲደርስ ግን የኔው «ደብሬ…» መጣ፤ ተንሸራቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ መጨረሻው ላይም ትንሽ ተሰንጥቆ።

እናቴ ምርኩዟን ተክላ ብድግ አለች።

«ወዬ! ወዬ ልጄ! እስካሁን የት ቆየሽ?»

እልልታዋን ብትሰማ ምስክር! እስከዳር ተነሣች፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ በደስታ።

ማሽንህን አላማውም። ያለ እሱ ከዘፈኑ እኩሌታ አልደርስም ነበር፤ የደከመ ጉሮሮ ያለው ሁሉ ቢያገኘው እወዳለሁ። እኔ እያስቸገርኩህ ያቺን ጥሪ ሳትነካ ስላስቀመጥክልኝ ግን በተለይ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ «ያ ልጅ ማነው?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ ስምህን ከጸሎቷ አስገብታዋለች።

ለፋሲካ ሰቆጣ ስትመጣ ደጄ ላይ ሆኜ ስምህን ስቤ እጠራሃለሁ። ቢወርድም ቢሰነጠቅም ኮምፒውተርህን እንዳትከፍት፤ «አቤት» ብቻ በለኝ።

የሙሽራዋ እናት፣
ጥሩሐረግ