ሰም የተቀባው ወለል

ለልጄ ለብርሃነ መስቀል፤

ባለህበት ጠረፍ የአንኮበሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኔ ከአባትህ ኀዘን በቀር ደኅና ነኝ።

ከፈረሰው የአያትህ ቤት በወጣው የጥድ ሳንቃ ወለሉን አስነጠፍኩ። አናጢው ወርቅአገኘሁ፣ «አሮጌ ጥድ ደርቆ የጨረሰ ነው፤ አይጣመምም» ብሎ መረጠልኝ። ሰም ልቀባው ስል ግን ከለከለኝ።

«እትዬ ደመቀች፣ ትንሽ ይቆይ። ሰው ይበዛበታል።»

«የምን ሰው?» ብዬ ብጠይቀው አቀርቅሮ መዶሻውን ሰበሰበ።

ጎረቤቶችም ሳልፍ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አባትህ አዲስ አበባ ሆስፒታል ያረፈ ሰሞንም፣ መርዶው እስኪነገረኝ ድረስ እንዲሁ ነበሩ።

ሰሙን ራሴ አቅልጬ ቀባሁት። እስኪደርቅ ማንም አይረግጠውም ብዬ በሩን ዘግቻለሁ። ማለዳ ሽማግሌዎች ቢያንኳኩም አልከፈትኩም።

በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። አንተ ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ ግባ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

እናትህ ደመቀች