የሁለቱም አባት፦ የአቶ ወልደገብርኤል ሳህሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደገብርኤል ሳህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1958 አሰላ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተማሩ፤ ለትምህርት ቤታቸውም የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበሩ። ያውም ያለ ጓንት፣ በባዶ እጃቸው!

በሱዳን በኩል ወጥተው በ1988 ቶሮንቶ ገቡ። ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው መጀመሪያ ሆቴል ላውንድሪ ሠሩ፤ በኋላ የስኩል ባስ ሹፌር ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ነዱ። በ1991 ወይዘሮ ተሻለችን አግብተው ሰላሙንና ኪሩን ወለዱ።

ስካርቦሮ ቤት ሲገዙ ልጆቹ ቤዝቦል ጀመሩ። ጋሽ ወልዴ ጨዋታው አልገባቸውም ነበር፤ ግን ፓርክ ውስጥ ከልጆቹ ያመለጠውን ኳስ ሁሉ ቀልበው ይመልሱ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው! ሰላሙ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አዲስ ለተቋቋመው የቤዝቦል ቲም መጫወት ጀመረ። ኪሩ "እከተልሃለሁ" ብሎት ነበር፤ በ2013 ግን የተቀናቃኙን ዩኒቨርሲቲ ኦፈር አክሰፕት አድርጎ ለዚያ ቲም ሊጫወት ገባ። ሰላሙ ተቀየመ። ባንድ ገበታ ቀርበው አይነጋገሩም፤ "አባዬ፣ ጨው አቀብል በለው" ሆነ ነገሩ። ይሄ ጋሽ ወልዴን እንቅልፍ ነሳቸው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። እሑድ ስለነበር ጋሽ ወልዴ ከቅዳሴ ነጠላቸውን እንደለበሱ በቀጥታ መጡ። ኪሩ ኳስ ወርዋሪ፣ ሰላሙ በዱላ መቺ! ሦስተኛው ኳስ ከኪሩ እጅ ሾልኮ የሰላሙን ትከሻ ጧ! ሰላሙ ዱላውን ወርውሮ ወደ ወንድሙ ገሰገሰ፤ ሁለቱም ቲም ከቤንች ተነሣ። ጋሽ ወልዴ አጥሩን ዘለው ሜዳው መሀል ገቡ! ዳኛው "ሰር፣ እዚህ መግባት አይፈቀድም!" ሲላቸው፣ "አባታቸው ነኝ። የሁለቱም" አሉት። ዳኛው ማስኩን አውልቆ ገለል አለላቸው።

"ኪሩ፣ ና የታላቅህን ጉልበት ሳም።"

"ዳድ፣ ሰው እያየን እኮ ነው!"

"ስትመታውም ሰው እያየ ነው።"

ኪሩ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ሰላሙ፣ እንደ ታላቅ ወግ፣ ቀና አድርጎ አቀፈው። "ለነገሩ አላመመኝም፤ ኳስህ ቀርፋፋ ነው" አለው። ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ! በሚቀጥለው ተራውማ ሰላሙ የወንድሙን ኳስ ከአጥር ውጪ ሰደደው። ጋሽ ወልዴ አንዴ ለመቺው "ጎበዝ!" አንዴ ለወርዋሪው "አይዞህ!" ሲሉ ድምፃቸው ተዘጋ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው አያውቁም።

ጋሽ ወልዴ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2025 በ67 ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ልጆቻቸው "አባዬ፣ እውነቱን ንገረን፤ ያን ቀን ማንን ነበር የደገፍከው?" ቢሏቸው፣ ሳቅ ብለው "ዳኛውን። ሰውዬው አስገባኝ" አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች፣ ልጆቻቸው ሰላሙና ኪሩ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውም አሉ። ዛሬ ሳጥናቸውን በቀኝ ሰላሙ፣ በግራ ኪሩ ተሸክመዋል።

ያ ዳኛ ሜዳው እንዳስገባቸው፣ የሁላችን ዳኛ ወደ መንግሥቱ ያስገባቸው። አሜን።