ሚጡ በስልክ የማታናግርህ ለምን እንደሆነ

ውድ የሚጡ አባት፣

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ ግማሹን ሰምተህ ሌላውን ግማሽ ራስህ ትጨርሰዋለህ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው፤ የምትነዳው ክሬን ላይ ሆነህ ግን አይሆንም።

ሚጡን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። አባትህም «አያት የሌለበት ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው» ብለው ከረባታቸውን አስረው ተከተሉን። ጆሮዋ ደህና እንደሆነ አስቀድሞ ተረጋግጦ ነበር። ስሟን ስንጠራት ባትዞርም የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከጓዳ ትመጣ የለ?

ሐኪሟ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ የሳሙና አረፋ ነፋችላትና ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ ብልቃጡን ሰጠቻት። ሚጡ ቀና ብላ ሳታያት የሴትዮዋን እጅ ይዛ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው፤ እጁ የማንም ይሁን ግድ የላትም። ሐኪሟ ሳትከፍት ስትጠብቅ አባባ ብድግ ብለው ከፈቱት።

«አባባ፣ እስቲ ይተዉልኝ። እንዴት እንደምትጠይቅ ልይ።»

«የኔ ልጅ፣ እኛ ቤት ሳትጠይቅ ነው የሚከፈትላት።»

ሐኪሟ ዳግም ብትዘጋው እሳቸው ደግመው ከፈቱ። በመጨረሻ እጃቸውን ኪሳቸው እንዲከቱ ለመነቻቸው። ከዚያ ቤት ውስጥ ውሃ ማን እንደሚቀዳላት፣ ጫማዋን ማን እንደሚያቀርብላት ጠየቀችን። ሁላችንም ነን። የምትፈልገውን ቀድመን ስለምናውቅላት፣ አለመጠየቋን ሳናየው ሦስት ዓመት ሞላት።

ኦቲዝም ነው አለችን። እኔም ወዲያው የጠየቅኋት አንተን የሚበላህን ነው።

«አባቷ ለሥራ ርቋል። ሲደውል ስልኩን ጥላ ትሄዳለች። እሱ ስለሄደ ይሆን?»

«አይደለም» አለች። «አብሯት የተወለደ ነው፤ አባቷም አላመጣው፣ እርስዎም። ከስልክ የሚወጣ ድምፅ ከአባቷ ጋር ማገናኘት ለጊዜው ይከብዳት ይሆናል እንጂ አልጠላችውም።»

አባባ ወደ እኔ ዞረው «ይህችን ቃል በቃል ጻፊለት» አሉኝ። ጻፍኩልህ።

አሁን በየሳምንቱ የንግግር ባለሙያ ጋ እንሄዳለን። የቤት ሥራችን ደግሞ መዘግየት ነው፤ አንድ ነገር ስትፈልግ ጥቂት እንጠብቃታለን። አባባ ስኳር ከተከለከሉበት ቀን የባሰ ሆኖባቸዋል። ትናንት ግን ኩባያዋን ይዛ መጥታ ቀና ብላ ዓይናቸውን አየች። አንዴ ብቻ። ሰውየው የውሃውን ግማሽ ወለሉ ላይ ነው የቀዱት። ወለሉን እየወለወልኩ ስስቅ ቆየሁ።

ለእረፍት ስትመጣ በር ላይ ቆመህ፣ እጅህን ዘርግተህ አትጥራት። ገብተህ መሬት ቁጭ በል፤ ዝምም በል፤ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እሷ ዙሪያህን ትዞራለች፤ ያላየችህ ይመስልሃል። ኋላ መጥታ ጀርባዋን ደረትህ ላይ ታስደግፋለች። እኔንም ከሥራ ስገባ እንዲሁ ነው የምትቀበለኝ። ያኔ አትንቀሳቀስ። ክብደቷን ቀስ በቀስ ስትለቅብህ፣ እንዳወቀችህ ታውቃለህ።

በደህና ግባልን።

የሚጡ እናት